ጋሽ ማኑዋልና ያልተዘጋው ቅንፍ

ኮምፒውተር በገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ጋሽ ማኑዋል አይጠፋም። ማተሚያው ወረቀት ቢበላ፣ ፋይል ቢሰወር፣ ደጁን ያንኳኳ ሰው መፍትሔ አያገኝም፤ የቤት ሥራ ተሰጥቶት ይመለሳል።

የልደት መዝገብ ቤቱ ጋሽ ማኑዋልም ከዚሁ ዘር ናቸው። ክቡርነታቸው የሚያስተዳድሯቸው ማሽኖች የሚሠሩት በሊኑክስ፣ ማንም ከፍቶ ሊያየውና ሊያሻሽለው በሚችል ነፃ ሥርዓት ነው። እዚያ ላይ «ማን»፣ ማለትም ማኑዋል፣ ብሎ የትእዛዙን ስም የጻፈ ሰው መመሪያው ይመጣለታል። አንድ ቀን ይህንኑ ለንብረት ክፍሉ ኃላፊ ሊያስረዱ ሞከሩ።

«ማን በለው» አሉት።

«ማንን?»

«ማን ነው የምልህ።»

«እኮ እሱን ነው የምጠይቅዎ፣ ማን?»

ኃላፊው ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም። የመዝገብ ሠራተኛዋ ግን ስድስት ዓመት ተመላለሰች፤ «ማን በዪው» በተባለች ቁጥር ደሟ እየፈላ ትወጣለች እንጂ አንድም ቀን ብላው አታውቅም። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው ብላ ደምድማለች።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት መስኮቱ ጋ መጣች። የልጇ የልደት ወረቀት ጠፍቷል፤ የፈተና ምዝገባው የሚዘጋው ደግሞ በዚያው ቀን ነው። ሠራተኛዋ የልጅቷን ስም ብትፈልገው ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» አላት። ደጋገመችው፤ ያው ነው። ጋሽ ማኑዋል ለዓይን ሕክምና ፈቃድ ወጥተዋል፤ ስልካቸው ዝግ ነው። እናትየው የመስኮቱን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

ሠራተኛዋ መላው ሲጠፋት፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ገጽ ከፈተችና ቃል ፈላጊውን ግሬፕን «ማን» አለችው።

መመሪያው በአማርኛ መጣ። ጋሽ ማኑዋል ከዳር እስከ ዳር ተርጉመውት ኖሯል፤ ከሥሩም የራሳቸውን አክለውበታል፦ «የመዝገብ ቤቷ እህቴ ሆይ፣ የድሮ ጸሐፊ ስሙን በእሳቱ ሰ ይጻፈው በንጉሡ ሠ አይታወቅም። ሁለቱንም በቅንፍ አስገቢና ፈልጊ። ሰውን "የለም" ብለሽ ከመሸኘትሽ በፊት ነው ታዲያ።» ምሳሌም ሰጥተዋል።

ምሳሌውን ገለበጠችው፤ ማሽኑ አጉረመረመ። ጣቷን በየፊደሉ ላይ እያስኬደች ከላይ ጀምራ አነበበችው። ቅንፉ አልተዘጋም። ዘጋችው። ልጅቷ በንጉሡ ሠ ተጽፋ ብቅ አለች። እናትየው ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች ወጣች፤ ከሰዓት በኋላም ደውላ ምዝገባው ላይ እንደደረሰች ነገረቻት።

ጋሽ ማኑዋል ሲመለሱ ሠራተኛዋ በራቸው ላይ ቆመች።

«ጋሽ፣ ግሬፕ ላይ ያስገቡት ምሳሌ ቅንፉ አልተዘጋም።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉት።

«ይህን ሁሉ ዓመት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስሕተት አለው ያለኝ ሰው አልነበረም።»

ወንበር ሳቡላት፤ አብረው አረሙት። ከመመሪያው መጨረሻ፣ ያዘጋጀው ሰው በሚጠቀስበት ቦታ፣ ከራሳቸው ስም ቀጥለው የእሷን ሊጽፉ ጀመሩና እጃቸው ቆመ።

«የስምሽ ሐ የትኛው ነው?»

«ሐመሩ ሐ» አለች፤ ተሳስተው እንዳይጽፉትም ወንበሯን ጠጋ አደረገች።