የሾዲ ሶፋ ሙገሳ

[ሶፋ መሥሪያ ሱቅ። ደንበኛ የመለሰው ሶፋ መሃል ላይ ተገትሯል፤ መደገፊያው ላይ በእንግሊዝኛ «ሾዲ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሰፈሩ «ሊቁ» የሚለው ሰው፣ ሚስቱ አኩርፋ እናቷ ቤት ስለገባችበት፣ አማቱን የሚያባብልበት ስጦታ ሊገዛ መጥቶ ወረቀቱ ላይ አፍጥጧል።]

ሊቁ፦ ሙገሳ ነው አልኩህ!

ሶፋ ሠሪው፦ ሙገሳ ከሆነ ለምን መለሱት?

ሊቁ፦ ቤታቸው አልመጥነው ብሎ ነዋ! እንዲህ ያለ ሶፋ ገብቶ ሌላው ዕቃቸው ምን ይዋጠው?

ሶፋ ሠሪው፦ ሦስት ቃለ አጋኖ አድርገውበታል።

ሊቁ፦ አየህ? ለስድብ አንድ ይበቃል። ሦስት የሚደረደረው ሰው በአድናቆት ትን ሲለው ነው።

ሶፋ ሠሪው፦ ሶፋውን የመለሰው ሰውዬ እኮ የቃሉን አመጣጥ ቁጭ ብሎ...

ሊቁ፦ አመጣጡን ለእኔ ተወው! ጥንት ሾዲ የሚባል ንጉሥ ነበር። አርባ ዓመት ከዙፋኑ ሳይነሳ ገዛ። ለምን አልተነሳም?

ሶፋ ሠሪው፦ ታሞ?

ሊቁ፦ ተመችቶት! ከዚያ ወዲህ የሚመች ነገር ሁሉ ሾዲ ተባለ።

ሶፋ ሠሪው፦ ይኼን እንኳ ስፖንጅ አልቆብኝ በአሮጌ ልብስ ነው የሞላሁት።

[ሊቁ ቁጭ አለበት። ከውስጥ የሆነ የልብስ ቁልፍ መቀመጫውን ወጋው፤ ኩራቱ ግን አላስነሳውም።]

ሊቁ፦ [ጥርሱን ነክሶ] ዙፋን! ስማ፣ አማቴ «ቁም ነገር የለህም» ብለው ሚስቴን ከልክለውኛል። ዛሬ ይኼን አይተው ካልመለሱልኝ ከምላሴ ላይ ፀጉር ይነቀል! ቃሉን መደገፊያው ላይ በወርቃማ ክር ጥለፍልኝ። በትልቁ!

ሶፋ ሠሪው፦ ኧረ ጋሼ፣ አንዴ ልናገር...

ሊቁ፦ ጥለፍ! አንተ ስፌትህን፣ እኔ ትርጉሙን።

[ተጠለፈ። ሁለት ተሸካሚዎች ሶፋውን አንስተው ወደ አማቱ ቤት ሄዱ። ሊቁ ልቡ እስኪሞላ በዓይኑ ሸኘው።]

ሊቁ፦ እስቲ አሁን ሰውዬው ምን አለህ?

ሶፋ ሠሪው፦ ድሮ እንግሊዞች አሮጌ ልብስ ቦጫጭቀው፣ እንደገና ፈትለው ይሸምኑት ነበር አሉ። የዚያ ጨርቅ ስሙ ሾዲ ነው። ውሎ አድሮ የማይረባ ሥራ ሁሉ ሾዲ ተባለ። «አንተም ቡትቶ ጠቅጥቀህ ሸጥክልኝ» ብሎ ነው የለጠፈብኝ።

ሊቁ፦ ታዲያ ምነው አልነገርከኝም!

ሶፋ ሠሪው፦ ስንቴ ጀመርኩ፣ ስንቴ አቋረጡኝ!

[ሊቁ እየሮጠ ወጣ። ተሸካሚዎቹ የሉም። ተመልሶ መሬቱ ላይ ዘጭ አለ።]

ሊቁ፦ አለቀልኝ! አማቴ እኮ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሴት ናቸው!

ሶፋ ሠሪው፦ ተመስገን! እንግዲያው ትርጉሙን ንገረኝ ብለው አያስቸግሩዎትም።