የመጨረሻዋን ቀዳዳ የመድፈን ሥነ ሥርዓት

ጡረታ የወጡ ኃላፊዎች ዕድሜያቸው ይርዘምና፣ እነሱ ባይኖሩ ኖሮ የዱር አውሬ ሁሉ እንደ ዘመድ ዘው እያለ ሶፋችን ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። ሌላው ሰው አውሬ ሲያይ ወይ ይሮጣል፣ ወይ ድንጋይ ይወረውራል። ኃላፊ ግን አይሮጥም፤ ድንጋይም አይወረውርም። ስብሰባ ይጠራል።

የዚህ ቤት ኃላፊ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ መምሪያ ሲመሩ የኖሩ ሰው ናቸው። መምሪያው ምን ይሠራ እንደነበር ሚስታቸው እስከ ዛሬ አታውቅም። መምሪያውም ራሱ ያውቅ ነበር የሚል ሰው አልተገኘም፤ መመራቱን ግን በደንብ ይመራ ነበር። በስንብታቸው ዕለት የግድግዳ ሰዓትና አበባ ተሰጥቷቸው፣ ተጨብጭቦላቸው ቤታቸው ገቡ። ሚስትየዋ "እፎይ፣ አሁን ያርፋል" ብላ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የገባት ነገር ቢኖር ሰውየው የተሰናበቱት ከመሥሪያ ቤቱ እንጂ ከኃላፊነቱ አለመሆኑ ነው። የማንኪያና የሹካው መሳቢያ አዲስ መዋቅር ተሠራለት፤ ከዚያ ወዲህ ቢላዋ ፈልጎ ያገኘ የለም። ዘበኛው ለጉዳይ ከበር ሲነሣ ተወካይ መድቦ እንዲሄድ ታዘዘ። ቤቱ ያለው ዘበኛ አንድ ስለሆነ ራሱን ወክሎ ይሄድ ጀመር።

እንዲህ ባለው ሰላም መሀል ነው አንድ ቀን መሸት ሲል ኮርኒሱ ላይ ኮቴ የተሰማው።

"አይጥ ነው" አሉ ኃላፊው፣ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ።

"የምን አይጥ! አይጥ እንዲህ እንደ ተቆጣ ሰው ይንጎራደዳል?" አለች ሚስትየዋ።

ዘበኛው ተጠራ። ለካ እሱ አይቷል።

"ሸለምጥማጥ ናት ጌታዬ። መጀመሪያ ድመት መስላኝ ነበር፤ ኋላ ጭራዋን ሳይ ድመትም አይደለችም። ረጅም፣ ቀለበት ቀለበት ያለው ጭራ። በበረንዳው ጥግ ባለችው ቀዳዳ ሽው ብላ ገባች።"

"እና አንተ ምን አደረግህ?"

"አየኋት።"

"ማየት ብቻ? ማነሽ፣ ወዴት ነሽ አይባልም?"

"ብላትስ ጌታዬ፣ መታወቂያ ታወጣለች?"

ነገሩ በሳቅ ባለፈ ነበር። ግን የቤቱ ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ፣ እስክትጠነክር እናቷ ጋ ልትሰነብት ተነጋግረው ጨርሰዋል። እናትየው የልጅቷን የድሮ ክፍል አጽድታ፣ መጋረጃውን አጥባ፣ ትንሿን አልጋ ከዕቃ ቤት አውጥታ ቀለም አስቀብታ፣ ጠዋት ማታ በሩን ገርበብ እያደረገች ባዶውን አልጋ ታያለች። የልጅ ልጇን እስካሁን ያየችው በስልክ ብቻ ነው። በስልክ ደግሞ አይታቀፍም።

ኃላፊው "ለመረጃ ያህል" ብለው ለልጃቸው ደወሉላት። ወዲያው የእናትየው ስልክ ጮኸ።

"እማዬ፣ ጣራችሁ ላይ አውሬ ገባ የሚለው እውነት ነው?"

"አውሬ አትበያት፤ ድመት ብታክል ነው።"

"ድመት ብታክልስ ሥጋ በል አይደለች? እኔ ጨቅላ ታቅፌ ከሥሯ አልተኛም። እሷ ስትወጣ ጥሪኝ።"

"ሳትወጣ ብትቆይስ?"

"እኛም እንቆያለና።"

እናትየው ስልኩን ዘግታ ባሏን ልታፈጥባቸው ዞር ብትል የሉም። ክራቫት ፍለጋ ሄደዋል።

"አይዞሽ፣ ጉዳዩ በእኔ እጅ ነው" አሉ ሲመለሱ።

እሷ የፈራችውም ይህንኑ ነበር።

ስብሰባው የተካሄደው በማድ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። የዱር አራዊት ሰርጎ ገብነት መከላከያ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ሰብሳቢ፣ ኃላፊው። ጸሐፊ፣ ኃላፊው። የጥበቃ ዘርፍ ዘበኛው ሲሆን፣ ሚስትየዋ በአንድ ድምፅ የአቅርቦት ዘርፍ ተጠሪ ሆና ተመረጠች፤ ማለት ምሳ እንደ ወትሮው ትሠራለች። ድምፁ የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

"ቤታችን በታሪኩ ወሳኝ ምዕራፍ ላይ ይገኛል" ብለው ጀመሩ ኃላፊው ቆመው። "ችግሩ ከላይ የመጣ ቢመስልም ሥሩ ከታች ነው። ስለሆነም ከሥር መሠረቱ..."

"ድስቴ አረረ" አለች የአቅርቦት ዘርፍ፣ ብድግ ብላ።

"ሥነ ሥርዓት!"

"ሥነ ሥርዓትህን ትበላታለህ ለምሳ።"

መመሪያ ወጣ፤ ማድ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። አንደኛው አንቀጽ፣ ማናቸውም የምግብ ትርፍራፊ ከደጅ እንዳይታይ ይላል። መጽሐፍ አንብበው ነው፤ አውሬ የሚመጣው ምግብ ሲሸተው ነው ይላል አሉ። ሚስትየዋ ከጓሮ በኩል ሁልጊዜ ማታ ማታ ለአንዲት ባለቤት የለሽ ድመት ሳህን ታስቀምጣለች፤ እሱ ትዝ አላት።

"እንግዲህ ድመቷ ጦሟን ልታድር ነው?"

ኃላፊው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው መመሪያቸውን መረመሩ። "መመሪያው ስለ ትርፍራፊ እንጂ ስለ ድመት ራት አይናገርም። የድመቷ ይቀጥላል።"

ቀጠለ። ሳህኑ ጠዋት ጠዋት ተልሶ ይገኛል፤ ድመቷ ግን ከቀን ወደ ቀን ጎኗ እየገባ ሄደ። ሚስትየዋ "ይቺ ድመት ትል አለባት መሰለኝ" እያለች ድርሻዋን ጨመረችላት።

ከዚያ ወደ ተግባር ተገባ። ሸለምጥማጥ ጩኸት አትወድም ስለተባለ ድምፅ ማጉያ ኮርኒስ ውስጥ ገባ። የሚያሰማውም ተራ ጩኸት አይደለም፤ ኃላፊው በየዓመታዊ ጉባኤው ያደረጉት ንግግር ነው፣ በሙሉ ተቀድቶ የተቀመጠ። ሚስትየዋ ጎረቤት ሄደች። ዘበኛው ቁጭ እንዳለ አንገቱ ዘመመ፤ አንኮራፋ። ሸለምጥማጧ ብቻ ሳትንቀሳቀስ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። በኃላፊው ዘመን እንዲህ ያለ አድማጭ ገጥሟቸው አያውቅም።

ብርሃን አትወድም ተባለ፤ ትልቅ አምፖል ገባላት። አምፖሉ ደግሞ ይሞቃል። ክረምቱ ሊገባ ስለነበር ማንም ሰው ይህን ቢያደርግላት ውለታ ነው የምትለው።

"ታዲያ መቼ ነው የምትወጣው?" አለች ልጅቷ በስልክ። ከኋላዋ የሕፃኑ ማልቀስ ይሰማል።

"አባትሽ አምፖል አስገብቶላታል።"

"ለማን?"

"ለእንግዳዋ።"

በመጨረሻም ኃላፊው ታላቁን ውሳኔ ወሰኑ። ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን! አናጺ መጣ፤ የጣራውን ዙሪያ በወንፊት ሽቦና በሲሚንቶ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። የቀረችው የበረንዳዋ ቀዳዳ ብቻ ናት። እሷም የቀረችው ተረስታ እንዳይመስላችሁ፤ ለሥነ ሥርዓቱ ነው። ጎረቤቱ ረፋድ ላይ ተጠርቶ ወንበር ተደረደረ። ሥነ ሥርዓት በጠራራ ፀሐይ ካልሆነ ፎቶ አያምርም። ግንባሩ ላይ ላቡ የሚወርደው አናጺ መሰላል ይዞ ቆመ፤ ኃላፊው የሲሚንቶ ማንኪያ ጨብጠው፣ ክራቫታቸውን አስረው ተነሡ።

"ክቡራን ጎረቤቶች! ግብረ ኃይላችን ባደረገው ጥልቅ ጥናት ሸለምጥማጥ ሌሊት ወጥታ የምትዞር፣ ቀን የምትተኛ ፍጥረት መሆኗን አረጋግጧል። ስለዚህ የዛሬውን ዝግጅታችንን አትረብሽም።"

ተጨበጨበ። ሚስትየዋ የውኃ ብርጭቆ የያዘ ትሪ ታቅፋ ቆማ ነበር፤ ትሪው እጇ ላይ ቀጥ አለ።

"ቀን የት ነው የምትተኛው?"

"ጥያቄ በመጨረሻ ይስተናገዳል።"

"በመጨረሻ ምን ያደርግልኛል? አሁን ነው እንጂ!"

"የአቅርቦት ዘርፍ፣ ውኃ አዙሪ።"

ውኃ ዞረ። ኃላፊው በዘበኛውና በአናጺው ተደግፈው መሰላል ወጡ፤ የመጀመሪያው ሲሚንቶ ክራቫታቸው ላይ፣ ሁለተኛው ቀዳዳዋ ላይ አረፈ። ፎቶ ተነሣ። ወረዱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ አሁን ጥያቄ ካለ።"

"ቀን የት ነው የምትተኛው?"

"በመኖሪያዋ።"

"መኖሪያዋስ የት ነው?"

የመጣው ጎረቤት ሁሉ አንድ ላይ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ከላይ የኮቴ ድምፅ ተሰማ፤ ከኮቴው ቀጥሎ ቀጭን ቀጭን ሲርታ፣ ከአንድ አፍ የማይወጣ።

"ልጆችም አሏት ለካ" አለ ዘበኛው። "አምፖሉ ተስማምቷቸው ይሆናል።"

እንግዳው በየተራ ጫማውን እያየ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማውራት ኃላፊው ባይፈቅዱም፣ ልጆቿን ልታበላ መውጫ ያጣች እናት ምን እንደምታደርግ የሚጠፋው የመምሪያ ኃላፊ ብቻ ነው። መሸት ሲል የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ተቀደደ። ሸለምጥማጧ ከነአቧራዋ ኃላፊው ልብስ ሲቀይሩ አልጋቸው ላይ ዱብ አለች፤ የአካባቢውን አየር የሚለውጥ ነገርም ለቀቀችና በመስኮት ዘላ ወጣች። ኃላፊው በአንድ እግር ሱሪ በረንዳ ላይ ተገኙ።

"ዘበኛ! ዘበኛ!"

"አቤት ጌታዬ፣ በሩን ትቼ ልምጣ ወይስ ተወካይ ልመድብ?"

በዚያችው ምሽት ግብረ ኃይሉ ወደ ጊዜያዊ ዋና መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ጊዜያዊው ዋና መሥሪያ ቤት የልጅቷ ቤት ነው። ኃላፊው የግድግዳ ሰዓታቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ታክሲ ውስጥ ሲገቡ "አንቺም ነይ እንጂ" አሏት ሚስታቸውን።

"እኔ ከእሷ ጋር አልጣላም። እሷ ስብሰባ አትጠራም።"

ታክሲው እንደሄደ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ያቺን የበረንዳ ቀዳዳ በዘበኛው አስፈለፈለቻት። የመኝታ ቤቱን በር ዘጋች፤ ትራሷን ይዛ ትንሿ አልጋ ያለችበት ክፍል ገባች። ከዚያ የድመቷን ሳህን ጓሮ አስቀምጣ፣ ራቷን በልታ ልታያት ወጣች። ሳህኑ ላይ ሸለምጥማጧ አጎንብሳ ትበላለች። ድመቷ ዳር ተቀምጣ ታያለች፣ ተራ እንደሚጠብቅ ባለ ጉዳይ።

ሴትየዋ ጆሮዋ ጋለ። ሳህኑን ይዛ ገባች፤ ከዚያች ቀን በኋላ ድመቷ ማድ ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ በላች። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ጠያቂም አልነበራትም፤ መመሪያው ይፈቅድላት ነበርና።

ምግቡ ሲቋረጥባት፣ ልጆቿም እግር ሲያወጡ፣ አንድ ምሽት ሸለምጥማጧ ልጆቿን አስከትላ በአጥሩ ጫፍ ላይ ጭራ ለጭራ ተያይዘው ሄዱ። ሴትየዋ ቀዳዳዋ ሥር አመድ ነስንሳ ደጋግማ አየች፤ የእግር ምልክት የለም። ያን ጊዜ አናጺውን ጠርታ አስደፈነቻት፤ የመኝታ ቤቱንም ኮርኒስ አስጠገነች። ንግግር አልተደረገም። ሲሚንቶ ለካ ያለ ንግግርም ይደርቃል።

ልጅቷን ለመጥራት ስልኩን ስታነሣ ቀድሞ ጮኸ። የልጅቷ ባል ነው፤ ሽንት ቤት ገብቶ የሚያወራ ይመስላል፣ በሹክሹክታ።

"እማማ፣ ሸለምጥማጧን እንዴት ነው ያስወጧት?"

"ሳህኑን አነሣሁባት።"

"ለአባባስ ይሠራል?"

"እሱ ሳህን ስታነሣበት ስብሰባ ይጠራል። ምን አደረጋችሁ?"

"ሕፃኑ የሚያለቅስበት መርሐ ግብር ወጥቷል። ከመርሐ ግብሩ ውጭ ሲያለቅስ ፊሽካ ይነፋሉ። እኔ ደግሞ የዳይፐር ዘርፍ ተጠሪ ነኝ፤ ሳምንታዊ ሪፖርት አለብኝ። እማማ፣ ሚስቴ ልትፈነዳ ነው።"

"ይዘሃቸው ና" አለች ሴትየዋ። "ሁለቱን።"

"ሁለቱን?"

"ልጁንና እናቱን። የግድግዳ ሰዓት አላልኩም።"

በማግሥቱ መጡ። ባልየው ሻንጣውን በረንዳው ላይ ጥሎ ቁጭ አለ፣ ከጦር ሜዳ እንደተመለሰ። ልጅቷ ገብታ ኮርኒሱን ቀና ብላ አየች፤ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ምንም የለም። ሕፃኑን እናቷ ክንድ ላይ አኖረችው። አያትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ክብደቱን ቻለች፤ አንገቱ ሥር አፍንጫዋን ቀብራ ብዙ ቆየች። እሱም ያለ መርሐ ግብር ትንሽ አለቀሰ፤ ያለ ፊሽካ ዝም አለ።

"አባትሽን ምን አላችሁት?"

"ዋና መሥሪያ ቤቱን ባዶ መተው አይቻልም አልነው። 'ትክክል ነው' ብሎ ቀረ።"

ማታ ስልኩ ጮኸ። ኃላፊው ናቸው፤ ድምፃቸው ውስጥ የባዶ ክፍል ማስተጋባት አለ።

"ሰርጎ ገቧስ?"

"ወጣች። ከነልጆቿ።"

"አላልኩሽም! ዘመቻው ግቡን መትቷል! ንግግሩ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። በይ እንግዲህ፣ ነገ እመለሳለሁ።"

ሴትየዋ እቅፏ ውስጥ የተኛውን ሕፃን አየች። ልጇንም አየች፤ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ አፏን ከፍታ፣ ከወለደች ወዲህ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ያየች አትመስልም።

"አይሆንም፣ ገና ነው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የመጨረሻዋ ቀዳዳ ትቀራለች።"

"እኔ ሳልኖር እንዳትደፍኗት! ጎረቤት ይጠራ። ንግግር አዘጋጃለሁ።"

"አዘጋጅ እሺ። ግን ረጅም አድርገው። በደንብ ረጅም።"

"ይህን ከአንቺ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው" አሉ ኃላፊው፣ ልባቸው ተነክቶ። "አሁኑኑ እጀምራለሁ።"

ስልኩን ዘጋች። ሕፃኑ እንዳይነቃ ቀስ ብላ እየረገጠች በረንዳ ወጣችና ዘበኛውን በእጇ ጠራችው።

"የውጩን በር ቀርቅረው።"

"ጌታዬ ቢመጡስ እሜቴ?"

"ማነህ፣ ወዴት ነህ በለው። መታወቂያ ጠይቅ።"