ዘጠነኛው መስመር

ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» ካለኝ ኮቴን መፈለግ እጀምራለሁ። ውለታ ቢጠይቀኝ አልከፋም። የባለቤቴን ዕድሜ ቢጠይቀኝም ዋሽቼ አልፈዋለሁ። የምፈራው እርሳስ ሲያወጣ ነው። እርሳስ ያወጣ ሰው ወረቀት ይፈልጋል፤ ወረቀት ካገኘ ደግሞ ሦስት ቤት ይሥላል። በቃ! ያ ቀን ለእኔ አለቀለት።

እንቆቅልሽ ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የጠላኸው ትለኝ ይሆናል። ልንገርሃ፤ ሚስቴን ሊያሳጣኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ አርባ ምንጭ የጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን። እኔ ከደሴ ተመድቤ የመጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን የውሃ መስመር ይዘረጋል። የእኔ ሥራ ቧንቧው በየት በየት እንደሚያልፍ ወረቀት ላይ መንደፍ ነው። ንድፉ ያልቃል፤ ቧንቧው ግን አይመጣም። የላይኛውን ሰፈር ሴቻን ከታችኛው ከሲቀላ፣ ሲቀላን ከኩልፎ ወንዝ ዳር በወረቀት ስንቴ እንዳገናኘኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

በዚህ መሀል አዲስ አለቃ ተሾመልን። ጓድ ታምራት ይባላሉ። ቀጭን፣ ረዥም፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። አይሰርቁም፣ አይሳደቡም፣ አይጠጡም። ምን ዓይነት ዕድል ነው ብለን ተደስተን ሳናበቃ ዐመላቸው ወጣ። እንቆቅልሽ! ፊርማ ፈልጎ ቢሯቸው የገባ ሰው መጀመሪያ እንቆቅልሽ ይጠየቃል። ሾፌሩ ነዳጅ ሊያስፈርም ገብቶ ላብ በላብ ሆኖ ይወጣል። ሰው እኮ ሥራ ሊሠራ ነው የመጣው!

አንድ እሑድ አብረን ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ልንገዛ ወረድን። እሳቸው ዓሣውን ትተው ጀልባ ቀዛፊውን ያዙት። ነብር፣ ፍየልና ጎመን ይዘሃል፤ ጀልባህ ከአንተ ሌላ አንዱን ብቻ ነው የምትችለው፤ ብቻቸውን ከተውካቸው ነብሩ ፍየሏን፣ ፍየሏ ጎመኑን ትበላለች፤ እንዴት ታሻግራቸዋለህ? ብለው ጠየቁት። ሰውየው መረቡን እያራገፈ በደንብ አሰበበት። ከዚያ ፍየሏን እዚሁ አርደን እንብላትና ነብሩንና ጎመኑን ተራ በተራ አሻግርልዎታለሁ፣ ጎመን የሚበላ ነብር አላየሁም አላቸው። ጓድ ታምራት ተናደው ዓሣ ሳይገዙ ተመለሱ። በእሳቸው መኪና የሄድን ሁላችንም ጦማችንን ገባን።

አሁን ወደ ራሴ ጣጣ ልምጣ።

አስቴር የምትባል አስተማሪ ወድጄ ነበር። ሲቀላ ነው የምታስተምረው፤ ቤተሰቦቿ ከከተማው ርቆ ካምባ ናቸው። አባቷ አቶ ማርቆስ የወንጌል አማኝ ናቸው፤ የራሳቸውን ቃል ይጠብቃሉ፣ የሌላውንም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሽማግሌ እንድልክ ቀን ቆረጡልኝ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ዝናብ መንገዱን ዘጋው። በሁለተኛው መሥሪያ ቤቱ እንዳለ ጥጥ ለቀማ ዘመተ። በሁለቱም ቀን የካምባ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲጠብቁኝ ውለው በትዝብት ተበተኑ። አቶ ማርቆስ በልጃቸው በኩል መልእክት ሰደዱልኝ። የሚመጣው ቅዳሜ ካልመጣ ሽማግሌዎቹን ሌላ ቀን አላስቸግርም፣ ልጄንም አላስጠብቃትም አሉ።

በዚያ ዘመን ደግሞ ተነስቶ መሄድ ብሎ ነገር የለም። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግሃል። ቀበሌው ያለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይሰጥህም። ደብዳቤው ያለ ጓድ ታምራት ፊርማ ደብዳቤ አይደለም።

ሰኞ ማለዳ ማመልከቻዬን ይዤ ገባሁ። አነበቡት።

«ለሽምግልና ነው? እንኳን ደስ ያለህ!» አሉኝ። ብዕር አነሱ። ከዚያ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ብዕሩን አስቀምጠው እርሳስ አነሱ። ሞትኩ አልኩ በሆዴ።

ከላይ ሦስት ቤት ሣሉ። ከታች ሦስት ክብ አደረጉ፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ መብራት፣ አንዱ ስልክ።

«ለእያንዳንዱ ቤት ከሦስቱም መስመር ታስገባለታለህ። ዘጠኝ መስመር መሆኑ ነው። አንዱ መስመር ሌላውን ማቋረጥ የለበትም። ሙያህ አይደል? ሠርተህ አምጣ፣ እፈርማለሁ።»

ይኼማ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው ብዬ ወጣሁ። ስምንቱ መስመሮች ጨዋ ናቸው፤ የታዘዙበት ይሄዳሉ። ዘጠነኛው ግን! በላይ ብታመጣው ግድግዳ፣ በታች ብታመጣው ግድግዳ፣ አገር አዙረህ ብታመጣውም መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ፊቱ ይገተርበታል። ታጠፋለህ። እንደገና ትጀምራለህ። ስምንት። ሁልጊዜ ስምንት!

ማክሰኞ ዕለት በሽታው መሥሪያ ቤቱን አዳረሰ። ሾፌሩ መኪናው ላይ በተኛው አቧራ ይሥላል። ታይፒስቷ ካርቦኑን ጨርሳዋለች። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ወረቀት አልቋል ብሎ በሩን ቆልፎ ውስጥ ሆኖ ይሥላል። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ «አንዲት መስመር ብቻ ቀረችኝ።» የሁሉም የቀረችው ያቺው አንዲት መሆኗን ልብ ያለ የለም።

በምሳ ሰዓት አስቴር መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ የተቆለለውን የተሠረዘ ወረቀት አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አስረዳኋት።

«እና እኔ የማገባው ስልኩ ከገባ በኋላ ነው?» አለች።

«አንድ መስመር እኮ ነው የቀረኝ።»

«አባዬን ምን ብዬ ላስረዳው? ሽማግሌዎቹን መብራት አቋርጦብን ነው ልበላቸው?»

አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት በንዴት ነው የሆነው። እስቲ ስልኩን ልተወው አልኩ። ውሃውንና መብራቱን ብቻ ለሦስቱም ቤቶች አስገባሁ። ስድስት መስመር፤ ምንም ችግር የለም። ከዚያ አፍጥጬ ሳየው ስድስቱ መስመሮች ወረቀቱን እንደ አጥር ሦስት ቦታ ከፍለውታል። በእያንዳንዱ ክፍል ዳር ሁለት ሁለት ቤት ብቻ አለ። ስልኩን የፈለግህበት ክፍል አስቀምጠው፤ ሦስተኛው ቤት ምንጊዜም ከአጥሩ ማዶ ነው። ሌላም ዓይነት አድርጌ ሣልኩት። ያው ነው። ዘጠነኛው መስመር የለም! አይቻልም! ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ሰው እንዴት አይቻልም በሚል መልስ እንደዚያ ይደሰታል? እኔ ግን ተደሰትኩ።

እየሮጥኩ ጓድ ታምራት ዘንድ ገባሁ። እያሳየሁ አስረዳኋቸው። ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«አይቻልም ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ ጓድ። እዩት፣ አጥሩ…»

«ስንፍናህን በአጥር ሸፍነህ አታምጣብኝ! ነገ በውይይት ክበቡ ላይ ይቀርባል። እዚያ ሰው ፊት አይቻልም በል።»

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የውይይት ክበብ አለን። ማርክሲዝም እናጠናለን፣ ማለትም ዓይናችንን ገልጠን እንተኛለን። የዚያን ቀን ግን ሁሉም ነቅቷል። ሦስቱ ቤቶች ጥቁር ሰሌዳው ላይ ናቸው። የሚመራን ካድሬ ልጅ እግር፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ነው። እሱም እንቆቅልሹን ሲያይ ደሙ ሞቀ።

«ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር የሚያውል ሕዝብ ሦስት ቤት ያቅተዋል?» አለ። ተጨበጨበ።

ሽማግሌዬ ሆኖ ካምባ የሚሄድልኝ ጋሽ ዳልኬ አጠገቤ ተቀምጧል። የቧንቧ ሠራተኞች አለቃ ነው፤ ጋሞ ነው፤ ከተማው ውስጥ ያልቆፈረው መሬት የለም። በጋሽ ዳልኬ አማርኛ ቧንቧ ሴት ናት፣ ቤት ወንድ ነው፣ አለቃ ደግሞ እንደ ቀኑ ነው። እኔ በጋሞኛ «ሳሮ» ከሚለው ሰላምታ በላይ ስለማላውቅ አልስቅበትም። እጁን አወጣ።

«ያቺን ቧንቧ ትንሽ ጠለቅ አድርገን በሥር ብናሳልፋትስ?» አለ።

«በሥር አይፈቀድም» አሉ ጓድ ታምራት።

«እሺ፣ በላይስ?»

«አይፈቀድም።»

«እንግዲያ አይቻልም ማለት…»

ኮቱን ይዤ ጎትቼ አስቀመጥኩት። ካድሬው ስም ሊመዘግብ ብዕሩን አንስቶ ነበር። ማስረጃው ኪሴ ውስጥ ተጣጥፎ ያለው እኔ ነኝ፤ ዝም ያሰኘሁት ግን እውነቱን ሊናገር የተነሳውን ሰው ነው። ወዲያው ስሜ ተጠራ። ተነሳሁ። 

«እስከ ነገ ጊዜ ይሰጠኝ» አልኩ።

 ስንወጣ ጋሽ ዳልኬ ባርኔጣውን ደፍቶ ቀድሞኝ ሄደ። ያ አካሄድ ከአስቴር ንግግር የባሰ ነበር።

ዓርብ ማለዳ ቢሮ ገብቼ ቀለም ሞላሁ። ጥሩውን ወረቀት ዘረጋሁ። ሦስቱን ቤቶች በመሥመሪያ፣ ክቦቹን በኮምፓስ፣ ስምንቱን መስመሮች አንድ በአንድ አሳምሬ አወጣሁ። ዘጠነኛውን ከስልኩ አስነስቼ በስተቀኝ በኩል ወደ ታች ወሰድኩት፤ ከወረቀቱ ጥግ ላይ የውሃውን መስመር አቋርጦ እንዲያልፍና ወደ ቤቱ እንዲገባ አደረግኩት። በእኛ መሥሪያ ቤት ፕላን ላይ ማህተም የሚያርፈው ከታች በስተቀኝ ነው። የማቋረጫዋን ነጥብ ልክ እዚያ ላይ አዋልኳት።

ጓድ ታምራት መነጽራቸውን አደረጉ። እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘጠነኛው ላይ ጣታቸው ወረደ፣ ወረደና ማቋረጫዋ ጥግ ላይ ቆመ። ቀና አሉ።

«ረቡዕ ያልከኝ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ጓድ ታምራት።»

«ምንም መንገድ የለውም?»

«የለውም።»

ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«አሥራ አንድ ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «አስተማሪዬ ነው የሰጠኝ። ብልህ ተማሪ ይፈታዋል ብሎኝ ነበር። በሄድኩበት ሁሉ ሰው የምጠይቀው… ምናልባት አንዱ ያውቀው ይሆናል ብዬ ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መልሱን የሚያውቁ ነበር የሚመስለኝ። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የሚመስለን! አምስት ቀን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ስሰድባቸው የነበርኩትን ሰውዬ አንገታቸውን ደፍተው አየኋቸው። ይቅርታ ልበል? በምን? በሂሳብ?

መሳቢያቸውን ከፈቱ። ማህተሙን አወጡ። በአፋቸው እፍ አሉበትና በሁለት እጃቸው ያቺ ነጥብ ላይ አሳረፉት። ሲያነሱት ማቋረጫው የለም። ከዚያ የእኔንም የጋሽ ዳልኬንም ፈቃድ ፈረሙ።

«ቶሎ ውጣ» አሉኝ ሳያዩኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ካምባ በምትወጣ የጭነት መኪና ላይ በሽንኩርት ከረጢት መካከል ተሳፈርን። ጋሽ ዳልኬ ግማሹን መንገድ ፊቱን አዙሮብኝ ሄደ። ጭቃው ይዞን ወርደን ስንገፋ ነው የታረቅነው፤ አብሮ ጭቃ የተረጨ ሰው እስከ መቼ ይኮራረፋል? ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ በጋሞኛ ረዘም አድርጎ ተናገረ። እኔ የሰማሁት ስሜን ብቻ ነው። አቶ ማርቆስ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ጋሽ ዳልኬ መለሰ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኋላ አስቴር እንደነገረችኝ ጥያቄው፣ ይኼ ልጅ እውነት ይናገራል ወይ? የሚል ነበር። ጋሽ ዳልኬም እውነትን ያውቃታል፣ አንዳንዴ ብቻ ትከብደዋለች ብሎ መልሶ ኖሯል። ሰጡኝ። ሠርጉም ከሁለት ወር በኋላ ይሁን ተባለ።

ሰኞ ስመለስ ንድፌ በመስታወት ሆኖ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተሰቅሏል። ከላዩ በቀይ ቀለም «ይቻላል!» ተብሎ ተጽፎበታል። ያሰቀለው ካድሬው ነው። ሾፌሩ መስታወቱን በጣቱ እየተከተለ፣ ይኼንንማ እኔም አስቤው ነበር፣ መኪናው ታጥቦብኝ ነው አለኝ። ታይፒስቷም አስባው ነበር። ግምጃ ቤቱም አስቦት ነበር። ማንም ሰው ማህተሙ ሥር ምን አለ ብሎ የጠየቀ የለም። ማህተም ደግሞ ማን ይገልጣል?

ሐሙስ መጣ። ካድሬው ተነስቶ እስከ አብዮት በዓል ድረስ ሦስት ቀበሌዎች ውሃ እንዲገባላቸው መወሰኑን አበሰረን። ግምጃ ቤታችን ውስጥ ያለው ቧንቧ እንኳን ሦስት ቀበሌ የራሱን የግምጃ ቤቱን ግቢ አይዞርም። ይኼን እኔም አውቃለሁ፣ ጋሽ ዳልኬም ያውቃል፣ አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። ዝም አልን።

«ይቻላል ወይስ አይቻልም? እስቲ ጓድ ግርማ ይናገር!» አለ ካድሬው።

ግርማ እኔ ነኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ተነሳሁ። ትክክለኛው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ማስረጃም አያስፈልገውም። ግን ለሠርጌ እንደገና ወደ ካምባ የምሄድበት ፈቃድ ገና አልተፈረመም።

«ይቻላል» አልኩ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ካድሬው አጨበጨበ፤ ሾፌሩ አጨበጨበ፤ ቧንቧ እንደሌለው የሚያውቀው የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ከሁሉም አብልጦ አጨበጨበ። ጋሽ ዳልኬ እንኳ መሬት መሬት እያየ መዳፉን ሁለቴ አጋጨ። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው፣ አንድ ጊዜም ሳያጨበጭቡ እኔን ብቻ ያዩ የነበሩት ጓድ ታምራት ናቸው።