ለእትዬ ዘነቡ የቀመስኩት ኮሶ

መርዝ በጠርሙስ ውስጥ አይኖርም፤ በአቅራቢዋ ስም ውስጥ ነው የሚኖረው! አላመናችሁኝም? እንግዲያው የባለቤቴን ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘነቡን ጠይቁልኝ።

በሙሽርነቴ የጠመቅኩት የመጀመሪያው ጠላ ገና ጉሽ ነበርና የባለቤቴን ሆድ ነፋው። አበቃ! እትዬ ዘነቡ «ወንድሜን መርዝ አስነካችው!» ብለው እስቴ ከተማን ከዳር እስከ ዳር አዳረሱት። አቅራቢ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ መቅመሷ ያገር ወግ ነው፤ እሳቸው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ውኃ ሳይቀር ያስቀምሱኛል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእርጅና ሞተ። እኔ አሁንም እቀምሳለሁ...

ዘንድሮ ከፋሲካ ጥሬ ሥጋ በኋላ ሆዳቸውን ይዘው መጡ።

«ኮሶ በጥብጭልኝ።»

«የጤና ጣቢያ ኪኒን አይሻልዎትም?»

«የኪኒን ነገር አታንሺብኝ!» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ወቀጥኩ፣ በጠበጥኩ፣ በጣሳ አቀረብኩ።

«ቅመሽልኝ።»

«እትዬ፣ ኮሶ እኮ ነው!»

«ቢሆንስ?»

ከመዳፌ ላስኩ።

«ይኼም መቅመስ ሆኖ! ጠጪ እንጂ!»

እናንተዬ፣ ሆዴ ውስጥ ለወሬ የሚበቃ ትል የለም! ግን ስሜስ? ግማሽ ጣሳ ጨለጥኩ። እሳቸው አስሞልተው ሙሉውን።

ግቢያችን ያለው ሽንት ቤት አንድ ነው። በሩን ስደበድብ ከውስጥ «ታላቅሽ ነኝ!» ይሉኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ግን ጠርጣሪዋም ተጠርጣሪዋም አብረን ተመነጠርን!

እኩለ ቀን ላይ ሳቁ ቆመ። እትዬ ማስመለስ ተጨመረባቸው፤ ዓይናቸው ብዥ አለ፤ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ አሉ። «እኝህ ሴትዮ ዛሬ ቢሞቱ፣ መርዘኛ እንደተባልኩ መቀበሬ ነው!» አልኩ በልቤ። በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ከነፍን። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወርደናል፤ አንዱ ለሳቸው ነው።

ነርሷ ኮሶ መጠጣታቸውን ገና ስነግራት ጮኸች።

«እማማ! በትናንቱ የትል ኪኒን ላይ ኮሶ ጨመሩበት?»

«ኪኒኑ አልመረረኝማ! የማይመር ነገር ምን ያሽራል?» አሉ በሰለለ ድምፅ።

«ኮሶ ሲበዛ እኮ መርዝ ነው! ያዞራል፣ ዓይን ያጠፋል!»

«ለኪኒኑስ ማን ቀመሰልዎት?» አልኩ እኔ።

ግሉኮስ ተሰካላቸው። ሻል ሲላቸው ነርሷ ለምለም የሚሉትን የተቅማጥ ዱቄት በውኃ በጥብጣ በኩባያ አቀረበች። እትዬ ኩባያውን አዩ፤ ነርሷን አዩ፤ ከዚያ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ ተጣሩ።

«አንቺ! ነይ ቅመሽልኝ። የዚችን ልጅ እጅ አላምነውም። ያንቺን ግን አርባ ዓመት ጠጥቼ ይኸው አለሁ!»

ሰማችሁ? አርባ ዓመት የጠለሸ ስሜ በአደባባይ ታጠበ! እንባዬ ሊመጣ ሲል ግን ጥማቴ ቀደመው። ቀመስኩላቸው... እስከ ኩባያው ቂጥ!

«ምንም የለበትም፣ እትዬ» አልኩና ባዶውን ኩባያ በሁለት እጄ አቀበልኳቸው።