ራቁቱን የተመለሰ ሸክላ

ሰው የወሰደውን ዕቃ ሲመልስ ግማሹን ማስቀረት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ጃንጥላ ታውሳላችሁ፣ ከነስብራቱ ይመጣል። ድስት ታውሳላችሁ፣ ክዳኑ እዚያው ይቀራል። ብትጠይቁ ደግሞ ስስታም የምትባሉት እናንተው ናችሁ! እኔን ያንገበገበኝ የሸክላዬ ነገር ነውና ትንሽ ታገሱኝ።

የዘፈን ሸክላ ጅማ ሲመጣ መጀመሪያ ላይ መሐሉ በተቀደደ ቡናማ ወረቀት ውስጥ ነበር። ከስኳር ከረጢት አይለይም። በደርግ ዘመን የከተማችን ሸክላ ነጋዴ ይህ አላምር ቢለው ለታፔላ ጸሐፊው ለተካ ካርቶን ሰጥቶ ሥዕል ያለበት ሽፋን አሠራው። ተካ ዘፋኞቹን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አላፈረም፤ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ሰው ሁሉ ሳለ። አንዱን ክራር መቺ በሰኮሩ መስመር አውቶቡስ ሾፌር መልክ አወጣው።

የኔ ሸክላ የባሰ ነበር። ዘፋኙ ድምፀ ጎርናና ጎልማሳ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ግን ሻሿ ወደ ኋላ የሸሸባት፣ ጉንጯ ላይ ምልክት ያለባት ልጅ ትስቃለች። ተካ ሱቅ ድረስ ሄጄ ተጣላሁት።

«ዘፋኙ እኮ ወንድ ነው!»

«ድምፁን ሸክላው ላይ ታገኘዋለህ» አለኝ ብሩሹን እየጠረገ። «እኔ ሥራዬ መልክ ነው።»

ድፍረቱን አያችሁልኝ? ያም ሆኖ ሳቋን ትቼ መሄድ አቃተኝና ገዛሁት።

ሸክላውን ጎረቤቴ ከድር ለሻይ ቤቱ ተዋሰኝ። በሳምንቱ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ራቁቱን አመጣልኝ።

«ሽፋኑስ?»

«ሽፋን አይዘፍን፣ ምን ያደርግልሃል? እማዬ ወስዳዋለች።»

የምናገረውን መንገድ ላይ ስደረድር መንደራ ቆጪ ሰፈር ደረስኩ። የከድር እናት እማማ ዘይነባ ቤት ስገባ ሽፋኔ ግድግዳው ላይ በአራት ሚስማር ተመትቷል። በአራት ሚስማር! አፌን ከመክፈቴ በፊት እሳቸው ቀደሙኝ።

«የተካ ሱቅ ከቡና ለቀማው መጋዘን ፊት ለፊት አይደል? ሰሚራዬ እዚያ ስትሠራ ሁልጊዜ ያያት ነበር። አላህ ይስጠው፣ ምልክቷን እንኳ አልረሳም።»

ሰሚራ ልጃቸው ናት። በቀይ ሽብሩ አሰሳ ጊዜ ከቤት ወስደዋት ያልመለሷት። እኔ ጅማ የተመደብኩት ከዚያ በኋላ ስለነበር ታሪኳን እንጂ መልኳን አላውቅም።

«ፎቶዋስ የለም፣ እማማ?»

«ጓደኞቿ አብረው ነበሩበት። እነሱንም እንዳያስይዝ በገዛ እጄ አቃጠልኩት፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ።»

እናት የልጇን ፎቶ በገዛ እጇ እሳት ውስጥ የምትከትበት ዘመን! እኔ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ለካርቶን ስንጨረጨር ነው የመጣሁት። የደረደርኩትን ሁሉ ዋጥኩት።

ስወጣ አንድ ነገር ለመኑኝ። ልጃቸው ያለችበትን ዘፈን መስማት ይፈልጋሉ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከከድር ሻይ ቤት ማጫወቻውን ተሸክሜ ሄድኩ። እማማ ዘይነባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። መርፌውን አሳረፍኩት፤ ያ ጎርናና ድምፅ ቤቱን ሞላው። ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው? ከልጄ ጋር ምን ይሠራል?»

ከተካ ጋር የተጣላሁበት ጥያቄ ዞሮ እኔው ላይ መጣ።

«ለሷ እየዘፈነላት ነው፣ እማማ።»

ጥቂት አዳመጡ።

«ታዲያ ቀስ ብሎ ይዝፈንላት እንጂ። ወላሂ፣ ያስደነግጥብኛል።»

ተነሥቼ ድምፁን ዝቅ አደረግሁት።

ሸክላዬ እስከ ዛሬ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይኖራል። የሰው ወስዶ የማይመልስ ግን አሁንም ደሜን ያፈላዋል። ሽፋኑን ማለቴ አይደለም።