ወደ ፖርቶ ቁልቁለት ነው

የካቲት 1999 ነበር። ወይስ 2000? እናት የሞተችበት ዓመት አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን አጥርቼ የማስታውሰው ዓመቱን ሳይሆን አውሮፕላኑ የተነሳበትን ሰዓት ነው። ለዚህም ተጠያቂው አንድ ሰው ነው።

ስደተኛ በሚሰበሰብበት ቡና ቤት ሁሉ አንድ የርቀት ሊቅ አይጠፋም። አገሩን የሚያየው በዓመት አንዴ ነው፤ መንገዱን ግን በየቀኑ ይለካል። ጄኔቫ ውስጥ እኛ ፖርቱጋሎች በምንውልበት በዶና ኤርሜሊንዳ ቡና ቤት ይህን ወንበር የያዙት ክቡርነታቸው ሴኞር ቤልሚሮ ነበሩ፤ በሙያቸው ግድግዳ ለሳኝ፣ በራሳቸው ሹመት የሰማይ ቀያሽ።

የክቡርነታቸው ግኝት ይህ ነው፦ ከጄኔቫ ፖርቶ አንድ ሰዓት ከሃያ፤ ከፖርቶ ጄኔቫ ግን ሦስት ሰዓት ከዐሥር። ማስረጃቸው ከደረት ኪሳቸው የማይለይ፣ ኖራ የጠገበ አሮጌ ትኬት ነው።

"አንብቡ እንጂ! በሰባት ሰዓት መነሻ፣ በስምንት ከሃያ መድረሻ። ወደ ቤት ቁልቁለት ነው!"

የፖርቶ ሰዓት ከጄኔቫ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚቀር፣ ትኬትም የየከተማውን ሰዓት እንደሚጽፍ ያልነገራቸው ሰው የለም። አይሰሙም። የእጅ ሰዓታቸው ራሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚቆጥረው በፖርቶ አቆጣጠር ነው። ሠርግ ሲጠሩ ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ይመጡና "እናንተ ናችሁ የቸኮላችሁ" ብለው ይቀመጣሉ። አውሮፕላን ግን አምልጧቸው አያውቅም።

አንድ እሑድ ትዕግሥቴ አለቀ። ከቡና ቤቱ ሰው ዩኒቨርሲቲ የረገጥኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ "ዶክተር" ይሉኛል። ሶፍት ላይ ሁለቱን ከተሞች ሣልኩ።

"ሴኞር ቤልሚሮ፣ መሄጃውም መመለሻውም ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲያውም ወደ ቤት ሲሄዱ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚመጣ ትንሽ ይረዝማል።"

ሥዕሌን በመነጽራቸው ሥር አዩት። "ምስኪን እናትሽ! ያን ሁሉ ዓመት ያስተማረችሽ ነፋስ ነው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለሦስት ሳምንት ሰላም አላልኳቸውም።

ከዚያ ወንድሜ ከፖርቶ ደወለ። "እማዬ ስምሽን እየጠራች ነው። ሐኪሙ ከማታ አታልፍም ብሏል።" ታክሲ እንዲጠሩልኝ ሻንጣዬን ይዤ ቡና ቤቱ ገባሁ። ሴኞር ቤልሚሮ ሻንጣውን ከእጄ ነጠቁና ኖራ በለበሰች አሮጌ መኪናቸው አውሮፕላን ማረፊያ አደረሱኝ።

"በስንት ሰዓት ነው?"

"በሰባት።"

"አየሽ! አንድ ሰዓት ከሃያ። ትደርሺባታለሽ፣ ልጄ። ቁልቁለት ነው።"

አላረምኳቸውም። ሁለት ሰዓት ከሃያ ሙሉ በአየር ላይ ሆኜ የእሳቸውን ስሌት እንደ ጸሎት ደገምኩት። ስደርስ እናቴ ዓይኗን ገለጠች። እጇን ይዤ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ፤ ከዚያ አረፈች።

ያቺ አንድ ሰዓት ሶፍቴ ላይ አልነበረችም።

ከወር በኋላ ጄኔቫ ስመለስ ቤቴ እንኳ ሳልገባ ወደ ቡና ቤቱ ሄድኩ። ልጠይቃቸው የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እውነት ያምኑበታል፣ ወይስ ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር? ወንበራቸው ባዶ ነው።

"ጡረታቸው ወጣላቸው" አለችኝ ዶና ኤርሜሊንዳ ብርጭቆ እየወለወለች። "ጠቅልለው ገቡ። ዛሬ በሰባት ሰዓት ነው የበረሩት። አሁን የት ደርሰው ይሆን?"

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ስምንት ከሃያ። በእኔ ሶፍት ከሆነ ክቡርነታቸው ገና አንድ ሰዓት ሙሉ ይቀራቸዋል።

"ገብተዋል" አልኳት።