ጠዋት ጠዋት ስለምትንቀጠቀጠው መኪና የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ ታኅሣሥ 14፣ ሳያልቅ ወደ ሰኞ የተሻገረ
ቦታ፦ ግቢያችን፣ ከመኪናዋ ፊት ለፊት
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 2፡10

የተገኙ፦
1. ታላቅ ወንድማችን፣ የመዝገብ ቤት ጡረተኛ፦ ሰብሳቢ
2. አጎታችን፣ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ፦ አባል
3. የጸሐፊዋ ባል፣ ሬዲዮ ጠጋኝ፦ አባል
4. ትንሿ እህታችን፣ የሕፃናት ክፍል ነርስ፦ አቤቱታ አቅራቢ
5. እናታችን፦ ያለ ድምፅ ታዛቢ
6. እኔ፦ ጸሐፊ። የሚጽፍ እስክሪብቶ ያለው ሌላ ሰው ባለመገኘቱ ተመርጫለሁ።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ሰብሳቢው ሲያስታውቁ፣ አጎታችን መኪናዋ ካልተቆጠረች በሌለችበት ሊፈረድባት ነው ብለው ተቃወሙ። "መኪናዋም ተገኝታለች" ተብሎ እንዲመዘገብ ተደርጓል።

አጀንዳ 1፦ አቤቱታ መስማት

ነርሷ እንዳስረዳችው፣ የሟች አባታችን መኪና ካደረች በኋላ ስትነሳ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች፤ ነዳጅ ካልተረገጠላት ትጠፋለች። ሩብ ሰዓት ከሠራች በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረባት ትሆናለች። የነርሷ ሥራ ከንጋቱ 12፡30 ይገባል፤ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። በዚህ ወር ሁለት ጊዜ አርፍዳለች። ሦስተኛ ከደገመች ከሕፃናቱ ተነሥታ ወደ ካርድ ክፍል እንደምትዛወር በደብዳቤ ተነግሯታል። ሰብሳቢው በበኩላቸው፣ በሽታው እስከ ሰኞ ካልታወቀ አንድ አሮጌ ብረት ገዢ ሰኞ 3 ሰዓት መጥቶ መኪናዋን እንዲወስድ ቀጠሮ መስጠታቸውን ገልጸዋል።

በዚህ መሃል እናታችን አንድ ነገር ተናግረዋል። ሰብሳቢው ታዛቢ አይናገርም ብለው ንግግሩ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አሳስበው ተወስኗል። ተሰርዟል።

አጀንዳ 2፦ ምርመራ

ሰብሳቢው ቁልፉን አዞሩ። መኪናዋ ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ ተነሣች። ለሙከራ ኮፈኗ ላይ የተቀመጠው ብርጭቆ ውኃ እንኳ አልተነቃነቀም።

ነርሷ፣ "ጋሼ፣ አንተ እኮ ቀድመህ አሙቀሃት ነው!" ብላለች። ሲጣራ፣ ሰብሳቢው ለወንበር ቦታ ለማስለቀቅ መኪናዋን ግቢው ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ሲያመላልሱ ሃያ ደቂቃ መቆየታቸው ታውቋል። ሰብሳቢው ስብሰባ ያለ ወንበር አይካሄድም ብለዋል። አክለውም፣ መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች ችግሩ ከነጂዋ ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል። ነርሷ፣ "እኔ ነኛ የምንቀጠቀጠው?" ስትል፣ ጥያቄው በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር እንዲታይ ተላልፏል።

ስለ በሽታው ምንነት ሐሳብ ቀረበ። ሬዲዮ ጠጋኙ የሞተሩ እሳት መለኮሻ፣ ካንዴላው ነው አሉ። ሰብሳቢው የነዳጅ ቆሻሻ ነው አሉ። አጎታችን ሐዘን ነው፣ ጌታዋን ከቀበረች ወዲህ ነው የጀመራት አሉ። ሬዲዮ ጠጋኙ፣ "ሐዘን ከሆነ ሲሞቃት የሚለቃት ለምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። አጎታችን፣ "አንተም ሚስትህ ሻይ ስትሰጥህ ይለቅሃል" ብለው መለሱ። ድምፅ ሲሰጥ ካንዴላ አንድ፣ ቆሻሻ አንድ፣ ሐዘን አንድ፣ ድምፀ ተአቅቦ ሁለት ሆነ። ሦስቱም እኩል ድምፅ ስላገኙ፣ ከረጅም ውይይት በኋላ መኪናዋ ሦስቱም በሽታዎች እንዳሉባት ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ መኪናዋን ስለ ማቀዝቀዝ

ማስረጃው በብርድ ብቻ ስለሚገኝ፣ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ማንም እንዳይነካት ተወሰነ። የሰው ትንፋሽ እንዳያሞቃትም ከአምስት እርምጃ ወዲያ እንድንቆም ተወስኗል። ስብሰባው ለእረፍት ተበተነ።

11 ሰዓት ላይ ስንመለስ ሞተሩ ይፋጃል፤ ኮፈኑም ላይ የእናታችን ብርድ ልብስ ተደርቦ ተገኘ። በተደረገው ማጣራት፦ ሰብሳቢው 5 ሰዓት ላይ ውሳኔው መከበሩን ለማረጋገጥ አስነሥተዋታል። ሬዲዮ ጠጋኙ 8 ሰዓት ላይ ድምጿን ለመስማት አስነሥተዋታል። አጎታችን 10 ሰዓት ላይ ሊያጽናኗት አስነሥተው፣ ሲያጠፏት ብርድ እንዳይመታት አልብሰዋታል። እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብለው ምለዋል።

ቁልፉ ገለልተኛ ሰው ዘንድ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ድምፅ ስለሌላቸው ለማንም አያዳሉም በሚል እናታችን ተመርጠው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ብርድ ልብሱም ተመልሶላቸዋል።

አጀንዳ 4፦ የቀዘቀዘች መኪና ምርመራ (ሰኞ፣ ከንጋቱ 11፡25)

ነርሷ ዩኒፎርሟን ለብሳ ቀረበች፤ ግፋ ቢል 11፡45 መውጣት እንዳለባትም አሳሰበች። ቁልፉ ዞረ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። መስታወቷ ተንቀጫቀጨ፣ የታርጋዋ አንድ ብሎን ወደቀ። አባላቱ ደስታቸውን ገልጸዋል። አጎታችን፣ "አላልኳችሁም? ለቅሶ ነው" ብለው ዓይናቸውን ጠርገዋል። ሰብሳቢው የተናጋሪዎችን ዝርዝር ከፈቱ። ሰዓቱ 11፡33 ነበር።

በዚህ ጊዜ እናታችን ዕድል ሳይጠይቁ ኮፈኑን ከፍተው እጃቸውን ካርቡሬተሩ ሥር ሰደዱ። አንዲት ጣት የምታክል የጎማ ቱቦ ላይ አውራ ጣታቸውን ሲያሳርፉ መንቀጥቀጡ ቆመ። ሲያነሡ ቀጠለ። መልሰው ሲያሳርፉ ቆመ።

ሰብሳቢው ታዛቢ በምርመራ እንደማይሳተፍ አስታወሱ። እናታችን፣ "ድምፅ የለሽም አላችሁኝ እንጂ አውራ ጣት የለሽም አላላችሁኝም" ብለዋል።

ሬዲዮ ጠጋኙ ጎንበስ ብለው አይተው፣ ቱቦው መሰንጠቁን፣ ሲቀዘቅዝ ደርቆ አፉን እየከፈተ አየር እንደሚስብ፣ ሲሞቅ ደግሞ ለስልሶ እንደሚገጥም አስረዱ። አጎታችን፣ እናታችን ጣታቸውን ቱቦው ላይ እንዳሳረፉ ከነርሷ ጋር እስከ ሆስፒታሉ እንዲሄዱ ሐሳብ አቀረቡ፤ ደጋፊ አልተገኘም። ሬዲዮ ጠጋኙ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ጎማ ቀጭን ቁራጭ ቀድደው ቱቦውን ጠመጠሙት። እናታችን ጣታቸውን አነሡ። መኪናዋ ዝም ብላ ሠራች።

ሰብሳቢው፣ የመጨረሻው ሪፖርት እስኪፈረም መኪናዋ ከግቢ እንዳትወጣ የሚለውን ረቂቅ ማንበብ ጀመሩ። ነርሷ መሪውን ይዛ፣ "ጋሼ፣ እግርህን" አለች። ሰብሳቢው እግራቸውን ከጎማው ፊት አነሡ። ሰዓቱ 11፡44 ነበር።

ከምልዓተ ጉባኤው የተቆጠረች አባል ስብሰባውን ጥላ በመውጣቷ ሰብሳቢው እረፍት አወጁ። ሆኖም ማንም ከስልኩ አጠገብ አልተነሣም። 12፡22 ላይ ስልኩ ጮኸ። ነርሷ፣ "ገብቻለሁ። ሕፃናቱ ገና አልነቁም" ብላለች። አጎታችን፣ "እሷስ? አለቀሰች?" ብለው ጠየቁ። "ኧረ ስትዘፍን ነው የመጣችው" የሚል መልስ ተሰጥቷል።

ማጠቃለያ

ብረት ገዢው እንዳይመጣ ተነግሮት፣ ከአጀንዳ 1 እስከ 4 የተወሰነው ሁሉ ተሰርዟል፦ ሦስቱም በሽታዎች፣ አምስቱ እርምጃ፣ የሰው ትንፋሽ፣ ሽያጩ። በአጀንዳ 1 ንግግር እንዲሰረዝ የተላለፈው ውሳኔም አብሮ ስለተሰረዘ፣ የተሰረዘው ንግግር ወደ ቦታው ተመልሶ እንደሚከተለው ይነበባል።

እናታችን፣ እሑድ ከጠዋቱ 2፡14፦ "ልጆቼ፣ ስትንቀጠቀጥ ከሥሯ እስስ የሚል ነገር አለ። የሆነ ቱቦ ተቀዶባት ነው የምትተነፍሰው። ጣት ቢያርፍበት ዝም ይላል።"

ስብሰባው ከጠዋቱ 12፡40 ላይ ተጠናቋል። ፊርማ፦ ጸሐፊ። ሰብሳቢው መነጽር የለኝም በማለታቸው አልፈረሙም፤ መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር።